መቶው የቱ ነው?

ናይሮቢ፣ ኢስሊ ውስጥ ፈርስት አቬኑ ላይ ካሉት የገበያ ሕንጻዎች ወደ አንዱ የገባ ሰው በአንድ መተላለፊያ ሶማሌኛ፣ ኦሮምኛ፣ አማርኛና ስዋሂሊ ይሰማል። ሻጭና ገዢ በቋንቋ መግባባት ሲያቅታቸው ነጋዴው ካልኩሌተሩን ያነሳል፤ ዋጋውን ይጽፍና ወደ ገዢው ያዞረዋል። ገዢው ያጠፋውና የራሱን ይጽፋል። ዋጋ ለመቁረጥ ይህ ይበቃል። ነገሩ ውስጥ "ይህን ያህል በመቶ" የሚል ሲገባበት ግን ማሽኑ ብቻውን አያስማማም። ቀጥሎ ያለው ምልልስ በዚሁ ጉዳይ ላይ ነው። አንዷ ተናጋሪ ለሐበሻ ሱቆችና ምግብ ቤቶች ሒሳብ በመያዝ የኖሩ እናት ናቸው። ሌላው በርበሬ፣ ሽሮና ቡና የሚሸጥ፣ አሁን ደግሞ ሃርሊንግሃም አካባቢ ምግብ ቤት ለመክፈት የሚያስብ ወጣት ነው። ዓመተ ምሕረት ካልተባለ በቀር ዘመኑ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው።

ባለሱቁ፦ እትዬ፣ እንዴት ዋሉ? ግራ የገባኝ ነገር አለ። ከአንድ ደንበኛ ጋር በ1,000 ሺሊንግ ተስማማንና ቫቱን ጨምርበት አለኝ። በስልኬ 1,000፣ መደመር፣ 16፣ ፐርሰንት ብዬ ስነካ 1,160 አለ። ላረጋግጥ ብዬ ያንኑ በጠረጴዛው ካሲዮ ላይ ብነካው 6,350 አወጣ። ተበላሽቶ ይሆን?

እትዬ፦ አልተበላሸም። የመደመር ቁልፍ በሁሉም ማሽን ሥራው አንድ ነው፤ የፐርሰንት ቁልፍ ግን እንደዚያ አይደለም። ስልክህ "የ1,000ን 16 በመቶ አውጥተህ ደምርበት" ብሎ ሠራ። ያንተ ካሲዮ ደግሞ "1,000 እና 16 ሲደመሩ የ16 ስንት በመቶ ናቸው?" ብሎ ሠራ። 1,016 ለ16 ሲካፈል 63.5 ነው፤ በመቶ ሲባዛ 6,350። ሌሎች የካሲዮ ሞዴሎች ያንኑ ብትነካባቸው 1,190 ከ47 ሳንቲም ይሉሃል። የእነሱ ጥያቄ ሌላ ነው፤ ወደ እሱ ስንመጣ እነግርሃለሁ። የተማሪ ካልኩሌተር ላይ ከሆነ ደግሞ 1,000.16 ልታገኝ ትችላለህ፤ 16 በመቶን 0.16 አድርጎ እንዲሁ ይደምረዋል።

ባለሱቁ፦ ታዲያ የቱን ልመን?

እትዬ፦ የፐርሰንት ቁልፉን ተወው። 16 በመቶ መጨመር በ1.16 ማባዛት ነው። 10 በመቶ መቀነስ በ0.90 ማባዛት ነው። የአንድን ነገር 2.75 በመቶ ማውጣት በ0.0275 ማባዛት ነው። ማባዛትና ማካፈል በስልክም፣ በካሲዮም፣ ከጎረቤት በተዋስከውም ማሽን አንድ መልስ ነው የሚሰጡህ። ካሲዮህም በራሱ መንገድ ከጠየቅኸው ልክ ይሠራል፤ 1,000 ሲባዛ 16 ፐርሰንት ብትለው 160 ይልሃል፣ ወዲያው የመደመር ቁልፉን ስትነካ 1,160 ይሆናል። እኔ ግን ቁልፍ እንድትሸመድድ አልፈልግም። አንድ ጥያቄ ብቻ እንድትለምድ ነው የምፈልገው፦ በመቶ ሲባል፣ መቶው የቱ ነው? ከምኑ ላይ ነው የሚወሰደው?

ባለሱቁ፦ መጨመሩስ ገባኝ። ባለፈው ወር ግን ቫት የሚከፈልበትን ዕቃ ቫቱ ውስጡ ሆኖ በ580,000 ሺሊንግ ሸጥኩ። 16 በመቶውን ሳወጣው 92,800 መጣ። አስገብቼው እፎይ ልበል ብዬ ነበር።

እትዬ፦ 12,800 ሺሊንግ ከራስህ ኪስ ልትጨምር ነበር። ረጋ ብለን እንየው፤ ይህ ነገር በብዙ ሱቅ አለና። ቫት 16 በመቶ የሚሆነው ከምኑ ላይ ነው? ቫት ከመግባቱ በፊት ካለው የዕቃው ዋጋ ላይ። አንተ ግን 16 በመቶህን የወሰድከው ቫቱ ከገባበት ድምር ነው፤ በቫቱም ላይ ቫት ቆረጥህ ማለት ነው። ድምሩ መቶ ሳይሆን መቶ ዐሥራ ስድስት ነው። ስለዚህ 580,000ን ለ1.16 አካፍለው። ስንት አለ?

ባለሱቁ፦ 500,000።

እትዬ፦ ቫቱ 80,000 ነው። ያጣራኸው ዋጋ ሳያስፈልግህ ቫቱን ብቻ ማወቅ ከፈለግህ ለ116 አካፍለህ በ16 ማባዛት ነው። አገር ቤት ቫት በ1995 ዓ.ም. ከገባ ጀምሮ 15 በመቶ ስለሆነ የአዲስ አበባ ዘመድህ ለ1.15 ያካፍላል። እዚህም የቆየ ደረሰኝ ካጋጠመህ ቀኑን እይ፤ በኮሮና ጊዜ ከኤፕሪል 2020 እስከ ዓመቱ መጨረሻ ቫቱ 14 በመቶ ነበር፤ የዚያን ወቅት ለ1.14 ነው የምታካፍለው። ከጃንዋሪ 2021 ወደ 16 ተመልሷል።

ባለሱቁ፦ ምግብ ቤቱን ስከፍትስ ያው ነው?

እትዬ፦ አንድ ነገር ይጨመራል። በኬንያ ሆቴሎችና ምግብ ቤቶች ለቱሪዝም ፈንድ የሚያስገቡት 2 በመቶ አለ። ቫቱም እሱም የሚታሰቡት ከአንድ መነሻ፣ ከምግቡ ዋጋ ላይ ነው። ስለዚህ 16 እና 2 ተደምረው 18 ይሆናሉ። አንድ ጠረጴዛ 2,360 ሺሊንግ ከከፈለ ለ1.18 አካፍል፤ 2,000 ያንተ፣ 320 ቫት፣ 40 የፈንዱ። አዲስ አበባ ውስጥ ከአንድ ትልቅ ሆቴል የምታገኘው ደረሰኝ ግን እንዲህ አይደመርም። መጀመሪያ 10 በመቶ የአገልግሎት ይጨመራል፤ ቫቱ የሚታሰበው አገልግሎቱ ከገባበት ላይ ነው። 2,000 ብር የነበረው 2,200 ይሆናል፤ በእሱ ላይ 15 በመቶ ሲመጣ 2,530። ደንበኛው 10 እና 15፣ 25 በመቶ ይጨምራል ብሎ 2,500 አዘጋጅቶ ይጠብቃል። 30 ብሩ ተሰርቆ አይደለም፤ የሁለተኛው መቶ ከመጀመሪያው ስለሚበልጥ ነው። በመቶኛ የሚደመረው መነሻው አንድ ሲሆን ብቻ ነው። መነሻው ከተቀያየረ ይባዛል፦ 1.10 ሲባዛ 1.15፣ 1.265።

ባለሱቁ፦ እንዲያ ከሆነ የቡናዬን ሒሳብም መልሼ ማየት አለብኝ። ጥሬውን ኪሎ በ900 ገዛሁ እንበል። ቆልቼ ፈጭቼ ነው የምሸጠው፤ ሲቆላ 16 በመቶ ያህል ይቀንስብኛል። እና 900 ላይ 16 በመቶ ጨምሬ መነሻዬን 1,044 ነው የማደርገው።

እትዬ፦ ቡናህን በኪሎ አስበው። 10 ኪሎ ጥሬ በ9,000 ገዛህ። ከምጣዱ የሚወጣልህ 8.4 ኪሎ ነው። ያው 9,000 ሺሊንግ አሁን ለ8.4 ኪሎ ነው የሚከፋፈለው። በል አካፍለው።

ባለሱቁ፦ 1,071 ከ43 ሳንቲም።

እትዬ፦ በኪሎ ከ27 ሺሊንግ በላይ ስታጣ ነበር። የቀነሰው ከክብደቱ ነው፤ አንተ የጨመርከው ግን ዋጋው ላይ ነው። ሁለቱ 16 በመቶዎች የተለያየ መቶ ነው ያላቸው። ደግሞ "16 በመቶ ያህል" አትበል፤ ቡና እንደ አቆላሉ ከ15 እስከ 20 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። ጠቆር አድርገህ ለምትቆላለት ደንበኛ 20 ቢቀንስብህ መነሻህ 1,125 ነው። ከምጣዱ በፊትም በኋላም መዝን፤ የኋላውን ለፊተኛው አካፍልና የሚመጣውን ቁጥር ደብተርህ ላይ ያዝ። 0.84 ከመጣ ጥሬው የተገዛበትን ዋጋ ለ0.84 ታካፍላለህ። በርበሬም ሲቀነጠስና ሲደለዝ ይቀንሳል፤ በተመሳሳይ መንገድ ይሠራል።

ባለሱቁ፦ ትርፉንስ? እኔ በሁሉም ዕቃ ላይ 20 በመቶ ነው የማተርፈው።

እትዬ፦ ከምን ላይ?

ባለሱቁ፦ በገዛሁበት ላይ ነው የምጨምረው። በ800 የገዛሁትን በ960 እሸጣለሁ።

እትዬ፦ ለበዓል "20 በመቶ ቅናሽ" ብለህ ወረቀት ብትለጥፍስ?

ባለሱቁ፦ ትርፌን ተውኩ ማለት ነው፤ በዋናው ሸጥኩ።

እትዬ፦ 960ን በ0.80 አባዛ።

ባለሱቁ፦ 768። ... 32 ሺሊንግ ከዋናዬ ሄደ እኮ!

እትዬ፦ ሲጨመር መቶው 800 ነበር፤ ሲቀነስ መቶው 960 ሆነ። አየህ፣ ከሽያጭ አንጻር ያንተ ትርፍ 20 በመቶ አይደለም፤ 160 ለ960 ሲካፈል 16.7 በመቶ ገደማ ነው። ከሽያጭህ ላይ 20 በመቶ እንዲቀርልህ ከፈለግህ መጨመር ሳይሆን ማካፈል ነው ያለብህ፤ 800 ለ0.80፣ 1,000። የዚያን ጊዜ 20 በመቶ ብትቀንስ በትክክል ወደ 800 ትመለሳለህ። ቅድም 1,190 ይላሉ ያልኩህ ካሲዮዎች ይህንኑ ነው የሚሠሩት፦ 1,000 የወጣበት ዕቃ ከመሸጫው 16 በመቶ እንዲያተርፍ በስንት ይሸጥ? 1,000 ለ0.84። ለነጋዴ የተሠራ ማሽን ነው፤ ጥያቄውን ለማያውቅ ሰው ግን የተበላሸ ይመስላል።

ባለሱቁ፦ ያልጠረጠረ ተመነጠረ። እሺ፣ ስለ ኤም-ፔሳ ልጠይቅዎ። ወንድሜ ከናኩሩ ትንሽ ትንሽ ገንዘብ ይልክልኛል። "ክፍያው ቀላል ነው፣ 7 ሺሊንግ ብቻ" ይላል።

እትዬ፦ ኤም-ፔሳ በማርች 2007 ከተጀመረ ወዲህ ብዙ ሰው ገንዘብ የሚያንቀሳቅሰው በእሱ ነው፤ እኔም ያለ እሱ ሥራ የለኝም። ክፍያው ግን በመቶኛ ስላልተጻፈ መቶኛውን ማስላት ያንተ ፈንታ ነው። በጁላይ 2023 በወጣው ታሪፍ ከ101 እስከ 500 ሺሊንግ ለመላክ 7 ሺሊንግ፣ ከ101 እስከ 2,500 ከኤጀንት ለማውጣት 29 ሺሊንግ ነው። ወንድምህ 200 ላከልህ፣ አንተም ሄደህ አወጣህ። 7 እና 29፣ 36 ሺሊንግ። 36 ለ200 ሲካፈል?

ባለሱቁ፦ 0.18። 18 በመቶ!

እትዬ፦ ከቫቱ በለጠ። 2,500 በአንድ ጊዜ ብታወጣ ያው 29 ሺሊንግ ከ1.2 በመቶ በታች ነው። ይህን የማያሰሉት፣ በቀን በቀን እየሠሩ በቀን በቀን 150፣ 200 የሚያወጡ ሰዎች ናቸው፤ ብዙ መቶኛ የሚከፍለው ጥቂት ያለው ሰው ነው። ስለዚህ ለወንድምህ ሰብስቦ አንዴ ይላክ በለው፤ አንተም በስልክህ መክፈል የምትችልበት ቦታ ላይ ጥሬ ገንዘብ አታውጣ። አንድ ሌላ ነገር ደግሞ ላንሳ። በ2023 በገንዘብ ማስተላለፊያ ላይ ያለው ኤክሳይዝ ከ12 ወደ 15 በመቶ ሲያድግ፣ ከሚላከው ገንዘብ 15 በመቶ ሊቆረጥ ነው ብሎ የደነገጠ ነበር። ግብሩ ከክፍያው ላይ ነው። ከ7 ሺሊንጉ ውስጥ 91 ሳንቲም ያህል መሆኑ ነው።

ባለሱቁ፦ ለምግብ ቤቱ ዕቃ መግዣ በስልክ ልበደር ብዬ አስቤያለሁ። ባንኩ 15 በመቶ አለኝ፤ በስልክ ግን 7.5 ብቻ ነው። በግማሽ ይቀንሳል።

እትዬ፦ ልጄ፣ ለዚህ ነው ዛሬ ጥሩ ቀን መጣህ የምልህ። ባንኩ 15 ያለህ በዓመት ነው። ስልኩ 7.5 ያለህ በወር ነው። በስልክ የሚያበድረው ኤም-ሽዋሪ በኖቬምበር 2012 ሲጀመር ክፍያው ለ30 ቀን 7.5 በመቶ ነበር፤ ወለድ አይባልም፣ የአገልግሎት ክፍያ ነው የሚባለው። ብድሩ ካልተመለሰና ለሁለተኛ ወር ከተራዘመ ሌላ 7.5 ይጨመራል። 10,000 ሺሊንግ ለአንድ ወር 750 ያስከፍልሃል። ያንኑ 10,000 በየወሩ እየመለስክ እየወሰድክ ዓመቱን ብትዘልቅ 9,000 ሺሊንግ፣ 90 በመቶ ከፈልክ። ባንኩ ለዓመት 1,500 ነበር የሚጠይቅህ፤ ዋናውን በየወሩ እየቀነስክ ከከፈልክ ደግሞ ከዚያም ያንሳል።

ባለሱቁ፦ ክፍያው በብድሩ ላይ እየተጨመረ ቢሄድስ?

እትዬ፦ ካሲዮህን አምጣው። 1.075 አስገባ፣ የማባዛት ቁልፉን ሁለቴ ንካ። ጥግ ላይ የእንግሊዝኛዋ ኬ ብቅ ትላለች፤ ቁጥሩን ይዞታል ማለት ነው። አሁን 10,000 አስገባና የእኩል ይሆናል ቁልፉን ንካ።

ባለሱቁ፦ 10,750።

እትዬ፦ ይህ የመጀመሪያው ወር ነው። ደግመህ ንካ፣ ሁለተኛው ወር ነው፤ እንዲሁ እያልክ እስከ ዐሥራ ሁለት።

ባለሱቁ፦ 11,556 ከ25... 12,422... 23,817 ከ80 ደረሰ።

እትዬ፦ ከእጥፍ አለፈ። በአገራችን በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ሰው ለሰው ሲያበድር ወለዱ በዓመት ከ12 በመቶ እንዳይበልጥ ነው የወሰነው። በወር 7.5 የሚያስከፍል ሰው እኛ ሰፈር ስሙ አራጣ አበዳሪ ነበር። ኬንያም ወለድ መገደብን ሞክራ ነበር። በ2016 ባንኮች ከማዕከላዊ ባንኩ መሪ ተመን 4 ነጥብ በላይ እንዳያስከፍሉ ሕግ ወጣ፤ ባንኮቹ ለትንንሽ ነጋዴዎች ማበደር ቀነሱ፤ በኖቬምበር 2019 ሕጉ ተሻረ። በስልክ የሚያበድሩትን ድርጅቶች ማዕከላዊ ባንኩ ፈቃድ እየሰጠ እንዲቆጣጠራቸው የሚያደርገው ሕግ የመጣው በ2021 መጨረሻ ነው። ሕግ እስኪመጣ ድረስ የብዙ ሰው ሱቅ ተዘግቷል። በስልክ መበደር ፈጽሞ አይገባም አልልህም፤ ዕቃው በሦስት ቀን ተሸጦ ገንዘቡ የሚመለስ ከሆነ ሊያዋጣ ይችላል። ለምግብ ቤት ምድጃና ወንበር ግን በወር ብድር አይገዛም። አስቀድሞ የሚቆርጥም አለ፤ 10,000 አበደርኩህ ብሎ 9,250 እጅህ ላይ ያስገባል። የዚያን ጊዜ 750ውን ማካፈል ያለብህ ለተቀበልከው ለ9,250 ነው፤ 8.1 በመቶ ይሆናል።

ባለሱቁ፦ ሠራተኛም ልቀጥር ነው። ልጁ ደመወዙ ከ32,333 ሺሊንግ ካለፈ 30 በመቶ ስለሚቆረጥበት "ከዚያ በላይ አትጻፍልኝ" አለኝ።

እትዬ፦ ይህን የሚሉ ብዙዎች ናቸው፤ ጭማሪ እምቢ ያለ ሰው ሁሉ አውቃለሁ። 30 በመቶው ከምኑ ላይ ነው? ከ32,333 በላይ ካለው ላይ ብቻ። ተቀናሾቹ ከወጡ በኋላ ግብር የሚከፈልበት 40,000 ቀረለት እንበል። የማሽኑን ማስታወሻ ተጠቀም። 24,000 በ0.10፣ ኤም ፕላስ። 8,333 በ0.25፣ ኤም ፕላስ። የቀረው 7,667 በ0.30፣ ኤም ፕላስ። ለእያንዳንዱ ሠራተኛ በወር 2,400 የሚተውለት አለ፤ እሱን አስገብተህ ኤም ማይነስ። አሁን ኤምአር ንካ።

ባለሱቁ፦ 4,383 ከ35 ሳንቲም።

እትዬ፦ የ40,000 11 በመቶ አይሞላም። ልጁ የፈራው 12,000 ነበር። ሌሎቹ ተቀናሾች ቀላል ናቸው፤ ለቤቶች ግንባታ 1.5 በመቶ ከእሱ፣ 1.5 በመቶ ካንተ። ከኦክቶበር 2024 ጀምሮ ለጤና መድኅን 2.75 በመቶ ከእሱ ብቻ። እነዚህ የሚታሰቡት ምንም ሳይቀነስ ካለው ሙሉ ደመወዝ ነው። በቀድሞው የጤና መድኅን አሠራር 100,000 እና ከዚያ በላይ የሚያገኝ ሁሉ 1,700 ከፍሎ ያበቃ ነበር፤ አሁን 200,000 የሚያገኝ 5,500 ይከፍላል።

ባለሱቁ፦ በጋዜጣ ደግሞ "በ8 በመቶ ጨመረ" የሚሉት ነገር አይገባኝም። የነዳጅ ቫት ጊዜ አንዱ 8 በመቶ፣ አንዱ መቶ በመቶ ይል ነበር።

እትዬ፦ ሁለቱም የሚሉት ነገር አላቸው። በጁላይ 2023 የነዳጅ ቫት ከ8 ወደ 16 ሲወጣ ተመኑ 8 ነጥብ ጨመረ። ግብሩ ራሱ እጥፍ ሆነ፤ መቶ በመቶ ማለት ነው። አንተን የሚያገባህ ግን ሦስተኛው ነው፤ ማደያው ላይ ስንት ጨመረብኝ? ናይሮቢ ውስጥ ሊትር ቤንዚን 182.04 ነበር። ለ1.08 አካፍለህ የድሮውን ቫት አውጣ፣ በ1.16 አባዛና አዲሱን አስገባ።

ባለሱቁ፦ 195.52።

እትዬ፦ መንግሥት ያወጣው ዋጋ 195.53 ነበር። በአንድ ሳንቲም ልዩነት ደረስክበት። ጭማሪው 7.4 በመቶ ነው። የሚኒባሱ፣ የማታቱ ረዳት ነዳጅ ጨመረ ብሎ ታሪፉን በ20 በመቶ ሲያወጣብህ፣ ነዳጁ የጨመረው ይህን ያህል ነው ለማለት ቁጥሩ እጅህ ላይ አለ። ይህ ቀላል ነገር አይምሰልህ። በ2024 የፋይናንስ ረቂቅ ሕጉ እንደ ዋናው የምግብ እህል ቫት የማይከፈልበትን ተራ ዳቦ 16 በመቶ ሊያስከፍልበት ነበር፤ በመኪና ዋጋ ላይም በየዓመቱ 2.5 በመቶ። ረቂቁን የተቃወሙ ወጣቶች እነዚህን መቶኛዎች በስልካቸው ወደ ዳቦና ወደ ሺሊንግ ቀይረው ለእናቶቻቸው አስረዱ። ጁን 25 ቀን ፓርላማው ድረስ ገቡ፤ በዚያ ቀን ሰው ሞቷል። በማግሥቱ ፕሬዚዳንት ሩቶ ረቂቁን አልፈርምም አሉ። ሒሳቡን ሕዝብ ሲሠራው ምን እንደሚሆን ያየሁት ያኔ ነው።

ባለሱቁ፦ የብርስ? ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ዶላር በገበያ ዋጋ ይወሰን ሲባል ብር 30 በመቶ ወደቀ ተባለ።

እትዬ፦ የንግድ ባንክ ዋጋ ከ57.48 ወደ 74.73 ሄደ። ዶላር በብር ሲለካ 30 በመቶ ተወደደ። ብር በዶላር ሲለካ ግን 57.48 ለ74.73፣ 0.77 ገደማ ቀረ፤ 23 በመቶ ወደቀ ማለት ነው። ከዚህ ወደ ቤት የሚልክ ሰው 30ውን ይይዛል፤ እዚያ በብር ቆጥቦ የኖረ ሰው 23ቱን።

ባለሱቁ፦ ማሽን ባልያዝኩ ጊዜስ?

እትዬ፦ ያኔ ግምት ያስፈልጋል፤ ማሽን ስትይዝም ቢሆን መጀመሪያ ገምት። 10 በመቶ ነጥቡን አንድ ቤት ማንሳት ነው። 5 በመቶ የእሱ ግማሽ፣ 1 በመቶ ሁለት ቤት። 16 በመቶ እነዚህ ሦስቱ ተደምረው ነው። የ3,400 ቫት? 340፣ 170፣ 34፤ 544። ደግሞ መቶኛና ቁጥሩ ቦታ ቢለዋወጡ መልሱ አይለወጥም፤ የ25 ሺሊንግ 16 በመቶ ማለት የ16 ሺሊንግ 25 በመቶ ነው፣ 4 ሺሊንግ። ግምቱ በጭንቅላትህ ካለ ካሲዮው 6,350 ሲልህ ማሽኑን ከመጠርጠርህ በፊት ያስገባኸውን ትመረምራለህ።

ባለሱቁ፦ የብድሩን ነገር ታዲያ ምን ላድርግ? ነገ መልስ እሰጣለሁ ብዬአቸዋለሁ።

እትዬ፦ ነገ መልስ አትስጥ። ለባንኩም ለሌላውም አንድ ወረቀት ላይ ሦስት ነገር እንዲጽፉልህ ጠይቅ፦ እጄ ላይ የሚገባው ስንት ሺሊንግ ነው፣ በጠቅላላው የምመልሰው ስንት ሺሊንግ ነው፣ በስንት ቀን ነው? መቶኛውን እኔና አንተ እዚህ እናወጣዋለን። ሦስቱን አልጽፍም የሚል ካለ ከእሱ አትበደር። ለሚስትህም ለወንድምህም ይህንኑ ንገራቸው።